ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ፦ የአንድ ቀን የተማሪዎች ጉብኝት ሲመዘን

ተማሪ ይዞ ለሚወጣ መምህር አዲስ አበባ ውስጥ ምርጫው በዝቷል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ሁለቱም ሰፊ፣ ጽዱና ለፎቶ የሚያምሩ ናቸው። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን የእኛ ምርጫ አሮጌው መንገድ ነው፦ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም።

ይህን መንገድ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አንድ ነው። ልጁ የታሪኩን ቦታ በእግሩ ይረግጣል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ዛሬ ሙዚየም በሆነው በዚያው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደውን ፍጅት የሚያስታውሰው ሐውልት ደግሞ ከበሩ ወጣ ሲሉ ይታያል። መማሪያ መጽሐፉ በሁለት አንቀጽ የሚያልፈውን ነገር ልጆቹ በአምስት ደቂቃ እርምጃ ያገናኙታል። የትኛውም አዲስ አዳራሽ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ሁለቱም ሙዚየሞች የተሰናዱት ለአዋቂ ጎብኚ ነው። መግለጫው በደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል፤ ልጅ የሚነካው፣ የሚያገላብጠው ነገር የለም። ስለዚህ የጉብኝቱ ግማሽ ሥራ ትምህርት ቤት ውስጥ አስቀድሞ ካልተሠራ ልጆቹ ይዘው የሚመለሱት የአውቶቡሱን ዘፈን ብቻ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

የትብብር ደብዳቤ ለየቤቱ ለየብቻ ይጻፋል። የስድስት ኪሎው ሙዚየም የሚተዳደረው በዩኒቨርሲቲው ሲሆን ብሔራዊ ሙዚየም ግን የመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው አይሠራም። በደብዳቤው ላይ የተማሪው ቁጥር በጾታና በክፍል ተለይቶ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የኃላፊው መምህር ስም ይኑር፤ ማኅተም ይረፍበት። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት አድርሱና አንድ ቅጂ ይዛችሁ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲው በር ጥበቃ የሚጠይቀው ያንን ቅጂ ነው፤ መምህራኑም መታወቂያ አይርሱ። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ደብዳቤውን ስታደርሱ የተማሪውን ዋጋ እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ።

ቁጥሩ ከ60 አይብለጥ። አንድ ትልቅ አውቶቡስ የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ሙዚየሞቹም ከዚህ በላይ ባንድ ጊዜ አይችሉም። ስልሳውን በ20 በ20 ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት አዋቂ መድቡ፦ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። በአንድ የመስታወት ሣጥን ዙሪያ አንገቱን ሳያሰግግ ማየት የሚችለው ከአሥር ልጅ አይበልጥም፤ የቀሩት አሥሩ በዚያው ክፍል ሌላ ሣጥን ላይ ይቁሙና ይቀያየሩ። «ሁሉም ተሰብስቦ አስጎብኚውን ይስማ» የሚለው አሠራር ነው ጉብኝቱን የሚገድለው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለው ልጅ የጓደኛውን ማጅራት እንጂ ሌላ አያይም፤ ሲሰለቸው መገፋፋት ይጀምራል፤ አስጎብኚው ይቆጣል፤ ቀኑ ይበላሻል።

የሚያዘው ነገር ጥቂት ነው። እርሳስ ብቻ ይያዝ፣ እስክሪብቶ አውቶቡስ ውስጥ ይቅር። ለመደገፊያ ከካርቶን የተቆረጠ ደረቅ ሰሌዳ ላይ ሁለት ባዶ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ይያያዝ። አምስት ሜትር ሲባጎ፣ የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሜትር፣ ማርከርና ባለቀለም ፕላስተር ለቡድን አንድ አንድ ይበቃል። ቦርሳና ምሳ ዕቃ አውቶቡስ ውስጥ ቢቀር ፍተሻውም ያጥራል፣ ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ከመስታወት ጋር የመላተሙ ነገርም ይቀራል። ልጁ ደረት ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የትምህርት ቤቱ ስምና የመምህሩ ስልክ ይጻፍ፤ የልጁን ሙሉ ስም መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው ማድረግ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ሃያ አምስት ጥያቄ የታተመበት የሥራ ወረቀት። እንዲህ ያለ ወረቀት የተሰጠው ልጅ ከሣጥን ሣጥን እየሮጠ መግለጫ ይገለብጣል፤ ዕቃውን ቀና ብሎ አያይም። በአንድ ቤት ሦስት ዕቃ፣ በቀኑ ሙሉ ከዘጠኝ ያልበለጠ ነገር ይመረጥ። መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ዕቃዎቹ በቦታቸው መኖራቸውን ይይ፤ ሙዚየም ዕቃውን ለጥገና ያነሣል፣ ክፍል ይዘጋል።

ገነተ ልዑል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ብዙ ትምህርት ቤት ጠዋት በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል። እናንተ ከላይ ጀምሩ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ የልጆቹን ጉልበት ያተርፋል፤ የብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤትም ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ማዕበል ሲወጣለት ቀለል ይላል።

ሕንፃው የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ከመግባታችሁ በፊት ደጁ ላይ ያለውን ወዴትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አሳዩአቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንድ ዓመት ነው። አናቱ ላይ ዛሬ የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። ልጆቹን ደረጃውን አስቆጥሯቸው፤ የመጀመሪያውን 1922 ብለው ሲቆጥሩ የመጨረሻው ስንት ላይ እንደሚወድቅ ያስሉ፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት። በአንድ ዓመት የሚበልጥ ወይም የሚያንስ መልስ ቢመጣ ስሕተት አትበሉት፤ ፋሺስቶቹ ዓመታቸውን የሚጀምሩት ከፈረንጆቹ ኦክቶበር ማብቂያ ነበር፤ የእኛ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ባለበት አገር ልጅ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና አሥር ደቂቃ ቢወስድም አይቆጭም። ደረጃው መውጫ አይደለም፤ አንድ ልጅ ከወጣ ሃያው ይከተላል፣ ስለዚህ ረዳቱ መምህር ከሥሩ ይቁም።

የሙዚየሙ አደረጃጀት ከሁሉ የምናደንቅለት ነገር ነው። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልተለዩም፤ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ ነው፦ ልደትና ልጅነት፣ አዋቂነት፣ ሞትና ከሞት በኋላ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ አከፋፈል የለም፤ ስንት ብሔረሰብ እንዳለ ከመሸምደድ ይልቅ «እዚያ ያሉ ልጆች በምን ይጫወታሉ?» ብሎ ይጀምራል። የልጅነቱ ክፍል ላይ 20 ደቂቃ ስጡ፤ የአዋቂነቱን እግረ መንገድ እለፉት፤ የሞቱን ክፍል ከ5ኛ ክፍል በታች ላሉ መዝለል ይቻላል።

ሥራው ይህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ ይመርጥና ለ8 ደቂቃ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ይሣለው። ሥዕሉ ማማሩ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የሚሥል ዓይን ማሰሪያውን፣ ስፌቱን፣ የተጠገነበትን ቦታ ያያል። ከሥዕሉ ሥር ሦስት መልስ ይጻፍ፦ ከምን ተሠራ? ሠሪው ምን መሣሪያ ያስፈልገዋል? በእናንተ ቤት ይህን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ነው ልጁን የሚያስወራው። ለቅሉ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ለአገልግሉ የምሳ ዕቃ ይመጣሉ፤ ለአንዳንዱ «አሁንም ያው ነው» ይመጣል፤ ጀበናውን እዩ።

ሦስተኛው ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ነው። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ከታኅሣሡ ግርግር የተረፈ ነው ይባላል። ልጆች ከአልጋውም ከመታጠቢያ ቤቱም በላይ የሚያስታውሱት ቀዳዳውን ነው፤ አትከልክሏቸው፤ ከሱ ተነሥታችሁ ለምን ንጉሡ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ እንደለቀቁ ጠይቁ። ሦስቱ ቡድን ደረጃው፣ ልጅነቱና መኝታ ክፍሉ ላይ 20 ደቂቃ እየቆዩ ይዘዋወሩ። ፎቅ ላይ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የመስቀልና የሥዕለ አድኅኖ ስብስብ አለ፤ ድንቅ ስብስብ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ፎቶ ማንሣት ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ ይሁን፤ ብርሃኑ ቀለምና ጨርቅ ያሳሳል።

ሐውልቱ፣ 4 ሰዓት ተኩል

ሐውልቱ አደባባይ መካከል ነው፤ ከሽሮ ሜዳና ከፈረንሳይ የሚወርደው ሚኒባስ ለተማሪ ሰልፍ አይራራም። ትራፊክ ፖሊስ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሃያ ሃያ ሆናችሁ ተሻገሩ፤ ስልሳ ልጅ ባንድ ሰልፍ ሲሻገር መካከሉ ላይ ይቆረጣል። መሻገሩ ካላማራችሁ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለው የእግረኛ መንገድ ብቻ ሆኖ መሥራትም ይቻላል፤ ዘዴውን ከታች እንነግራችኋለን።

ቁመቱ 28 ሜትር ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የቆመ ሲሆን የነሐስ ቅርጾቹን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ናቸው። 28 የሚለውን ቁጥር ለልጆቹ አትንገሩ፤ እነሱ ያግኙት። የአንድ ሜትሩን እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ፤ በዚያው ደቂቃ የሐውልቱን ጥላ ለኩ፤ የሐውልቱን ጥላ ለእንጨቱ ጥላ አካፍሉ። የእንጨቱ ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የሐውልቱ 14 ሜትር ቢሆን 14 ለ0.5 ሲካፈል 28 ይመጣል። የሚሳሳተው ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ነው። እንጨቱ ያዘነብላል፤ ቁልፍ በሲባጎ አንጠልጥላችሁ ከጎኑ ያዙት፣ ቀጥ ማለቱን ያሳያል። ሁለተኛው፣ የሐውልቱን ጥላ ከመሠረቱ ጠርዝ ይለካሉ፤ መለካት ያለበት ከጫፉ ትክክል ሥር ከሚገኘው መካከል ነው፤ ስለዚህ የመሠረቱን ስፋት እኩሌታ ይደምሩበት። ከ26 እስከ 30 የመጣ መልስ ጎበዝ ያስብላል። በመጋቢት እኩለ ቀን ሲቃረብ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ያጥርና ስሕተቱ ይበዛል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጥላው ረዝሞ አስፋልት ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ያኔ ወይም መሻገር ሲያቅት፣ ሁለተኛው ዘዴ ይመጣል። ቁመቱ የሚታወቅ አንድ መምህር ብቻውን ተሻግሮ ከሐውልቱ ሥር ይቆማል። ልጆቹ ከእግረኛ መንገዱ ሆነው እጃቸውን ቀጥ አድርገው እርሳስ ይዘረጋሉ፤ በአንድ ዓይን እያዩ የመምህሩን ቁመት በአውራ ጣታቸው እርሳሱ ላይ ይወስኑና ያ ልክ ሐውልቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቆጥራሉ። መምህሩ 1 ሜትር ከ75 ቢሆን 16 ጊዜ መግባት አለበት። ክርናቸውን ካጠፉ ልኩ ይለወጣል፤ የዚህ ዘዴ ስሕተት ሁሉ ከክርን ነው።

ከልኬቱ በኋላ ድምፅ ይቀንስ። ቅርጾቹ ግድያና ለቅሶ ያሳያሉ፤ 1ኛ እና 2ኛ ክፍል ላሉ ሕፃናት ከሩቅ ይበቃል፤ ከ4ኛ በላይ ላሉት ግን ቀርቦ ማየት ተገቢ ነው። «መሣሪያ የያዘው ማን ነው? ባዶ እጁን ያለው ማን ነው? ሴቶቹና ልጆቹ የት ናቸው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። የሟቾቹን ቁጥር ስትናገሩ ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው 30,000 መሆኑን፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር የሚያሰሉ የታሪክ ጸሐፍትም እንዳሉ ጨምሩ፤ የ7ኛ ክፍል ልጅ ይህን መሸከም ይችላል። የአብርሃንና የሞገስን ስም ስታነሡ የረዳቸውን ባለታክሲ ስምዖን አደፍርስንም አትርሱ። ልጆች ጀግና ሲባል ጎራዴና ፈረስ ብቻ ነው የሚመጣላቸው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይለወጣል።

የካቲት 12 ቀን ራሱ ግን ለዚህ አይመችም። የአበባ ጉንጉን ሥነ ሥርዓት አለ፤ አርበኞች፣ ሰልፈኛና ባለሥልጣን ይበዛል፤ ልጅ የሚለካበትም የሚጠይቅበትም ቦታ አያገኝም።

ብሔራዊ ሙዚየም፣ 5 ሰዓት ተኩል

ቁልቁለቱ ለአዋቂ አሥር ደቂቃ፣ ለስልሳ ልጅ ሃያ ደቂቃ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍና ጥላ ስላለ ውኃና መክሰስ፣ መጸዳጃም እዚሁ ይለቅ። ምድር ቤት ከገቡ በኋላ «ቲቸር ሽንት ቤት» የሚል ልጅ ቡድኑን ሙሉ ያስወጣል።

ወደ ምድር ቤቱ ከመውረዳችሁ በፊት ሲባጎውን ሣሩ ላይ ዘርጉ። የዚህ ጉብኝት ምርጡ አሥር ደቂቃ ይህ ነው። 1 ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት፣ 1 ሚሊ ሜትር ደግሞ አንድ ሺህ ዓመት ይሁን። የሲባጎው አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየለኩ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፦ በሄርቶ የተገኙት 160,000 ዓመት የሆናቸው ሰዎች 16 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ከ230,000 ዓመት ያላነሰው 23 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ ድንቅነሽ 3 ሜትር ከ20 ላይ፤ የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም 3 ሜትር ከ30 ላይ፤ ከድንቅነሽ የምትቀድመው አርዲ የተባለችው አጽም 4 ሜትር ከ40 ላይ። ከዚያ ልጆቹ የአክሱምን ሐውልት ያስቀምጡ በሏቸው። 1,700 ዓመት ማለት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዓድዋስ? የማርከሩ ነጥብ ራሱ ይበልጠዋል። «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ የሚገባቸው ያኔ ነው፤ በቃል ብታስረዱት አይገባም።

ምድር ቤቱ ደብዘዝ ያለና ጠባብ ነው፤ ሃያው ቡድን አንድ በአንድ ይግባ፣ የቀሩት ሁለቱ አንዱ ሲባጎው ላይ፣ አንዱ የላይኛው ክፍል ላይ ይሁኑ። ሦስቱ ዕቃ ድንቅነሽ፣ ሰላምና ከሄርቶ የተገኘው የሕፃን ራስ ቅል ናቸው። ሁለቱ ልጆች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ የእኛ ምርጫ ነው። ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች፤ ያገኛት በ1993 ዓ.ም. የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ነው። ልጅ ስለ ልጅ ይጠይቃል።

ድንቅነሽ ጋ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «እውነተኛዋ ናት?» ነው። አትዋሹ። የምታዩት ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በካዝና ተጠብቆ ይኖራል፤ አጥንት በየቀኑ መብራትና ሙቀት ሲለዋወጥበት ይጎዳል። ቅጂ መሆኑን ቀድሞ የሰማ ልጅ አይከፋም፤ አዳራሹ ውስጥ ድንገት ከጓደኛው የሰማ ግን «ተሸወድን» ብሎ ይወጣል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው የተገኘው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፤ ይህንን በሜትሩ እንጨትና በ10 ሳንቲ ሜትር ፕላስተር አስቀድማችሁ አሳዩ፤ የአጸደ ሕፃናት ልጅ ያህል። ታዲያ ልጅ እንዳልነበረች በምን ታወቀ? የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሎ አልቋል። በሁለት እግሯ መሄዷስ? ከዳሌዋና ከጉልበቷ አጥንት ቅርጽ። ልጆቹ የራሳቸውን ጉልበት እየዳሰሱ ከአጽሙ ጋር ያስተያዩ።

የአዳምና የሔዋን ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ብዙ መምህር እዚህ ላይ ይደናገጣል። ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ክርክር አይከፈትም። «ይህ ቤት የሚያሳየን ከመሬት የወጣውን አጥንትና የተለካበትን መንገድ ነው፤ እምነታችሁን ከወላጅና ከሃይማኖት አባት ጋር ተነጋገሩ» ማለት ይበቃል፤ ወደ ጉልበቱ ተመለሱ።

ላይኛው ክፍል ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን አለ፤ ልጆች መቀመጫውን ከሰው ቁመት ጋር ማመዛዘን ይወዳሉ። ከአክሱም በፊት የነበሩት የድንጋይ ቅርጾች ላይ የሳባ ፊደል ስላለ ከእኛ ፊደል ጋር የሚመሳሰለውን ፈልጉ ብትሏቸው ይበቃል። ሥዕሎቹን ለትልልቆቹ፣ የላይኛውን ፎቅ ባህላዊ ዕቃ ደግሞ ተዉት፤ ስድስት ኪሎ ላይ አይተዋል። 7 ሰዓት ላይ ልጅ ከተራበ የተማረው ሁሉ ይረሳልና ወደ አውቶቡሱ።

ሌሎቹስ?

የዓድዋ መታሰቢያ ለ6ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ግን ጎልቶ የሚታየው አዲስ የተሠራ ሐውልትና ሥዕል ስለሆነ ልጁ «ይህ የዚያን ዘመን ነው ወይስ ዛሬ የተሠራ?» ብሎ እየለየ እንዲሄድ አድርጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን በካርታ ሳያውቅ የገባ ልጅ አዳራሾቹ ውስጥ ይጠፋል። ቦታው ሰፊ ስለሆነ ከሌላ ጉብኝት ጋር አትደርቡት።

ከከተማ መውጣት ለሚችል ትምህርት ቤት መልካ ቁንጡሬና ጢያ በአንድ ቀን ይታያሉ። መልካ ቁንጡሬ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 700,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የሕፃናት ጭምር የእግር ዱካዎች የተገኙት እዚህ ነው፤ ሲባጎው ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የባልጪት ጥቁር ባልጩት እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ልጅ ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ከከተተ ሁለት ጉዳት ነው፦ ለጣቱም ለቅርሱም። ጢያ ከመልካ ቁንጡሬ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ ነው፤ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ጎራዴውን በየድንጋዩ እየቆጠሩ ሠንጠረዥ መሥራት ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው። ወረቀት ደግፎ በከሰል መፈተግ ግን አይፈቀድ፤ የድንጋዩን ገጽ ያሻክራል። እዚያ ጥላ የለምና ኮፍያና በሰው አንድ ሊትር ውኃ ግድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው አያስኬድም።

ለአውቶቡስ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤትስ? ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ይይዛል። ፒያሳ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ብቻውን የአንድ ወር ሥራ ነው። ሰማዕትነታቸው ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሐውልቱ ራሱ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ያንን የሚያስታውስ ጎረቤት፣ ሱቅ ጠባቂ፣ ወላጅ ሞልቷል። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ «ሲነሣ የት ነበሩ? ምን ተባለ? ቦታው ባዶ ሳለ ምን ይመስል ነበር?» የሰዎቹ መልስ እርስ በርስ ሲጋጭ ያኔ ነው የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው።

ከጉብኝቱ በተመለሱ በሳምንቱ ውስጥ ክፍሉ የራሱን ኤግዚቢሽን ያቁም፤ ከዚያ ካለፈ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ ያምጣ፤ ሦስት መስመር መግለጫ ይጻፍለት፦ ስሙና ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ አሁን ለምን እንደማያገለግል ወይም እንደሚያገለግል። ለወላጅ በሚላከው ወረቀት ላይ የብር መስቀል፣ ብራና፣ ጌጣጌጥና የጦር መሣሪያ እንዳይላክ በግልጽ ይጻፍ። የሚጠፋው ሁልጊዜ ከሁሉ ውዱ ነው፤ ጠበኛ ወላጅ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ጉብኝት ያስቀራል። መሶብ፣ ገበጣ፣ የቡና ሙቀጫ፣ የቡሄ ጅራፍ፣ የድሮ ራዲዮ ይበቃሉ። ዕቃውን መልሶ የሚረከበው ወላጅ ራሱ ይሁን፤ ፈርሞ ይውሰድ።